ነጯ አህያና የገደሉ ሥር ጉድጓድ

አንድ ጊዜ፣ ሁለት ክረምት ያለ ዝናብ ባለፈበት ቆላ፣ ወንዙ ደርቆ አሸዋ ብቻ ቀረ። አራዊቱ በዋርካ ሥር ተሰበሰቡ። አንበሳ ተነሥቶ ተናገረ።

«ውሃው አልጠፋም፤ ከአሸዋው ሥር ወርዷል። ከነገ ጀምሮ ደቦ እንወጣለን። ውሃ እስኪገኝ ድረስ ማንም ማንንም አይበላም። ከደቦው የቀረ ግን ከሰላሙም ቀረ። ማንም ቢበላው አልጠይቅም።»

«በቀን ነው በሌሊት?» አለ ጅብ።

«በቀን ነዋ። በሌሊት ቆፍር ብንልህ ማንን እንደምትቆፍር አይታወቅም።»

አራዊቱ ሳቁ። ጅብም አብሮ ሳቀ፤ ምን እንዳሳቃቸው ግን አልገባውም።

ያልሳቀችው ነጯ አህያ ብቻ ነበረች። ይህች አህያ ከጆሮዋ እስከ ጭራዋ ነጭ ናት፤ አፍንጫዋና የዓይኗ ዙሪያ እንደ አዲስ ጠባሳ ቀላ ያለ ነው። ፀሐይ ሲያገኛት ቆዳዋ ሽፍ ይላል። ከዚያ ያሳክካታል። ከዛፍ ጋር ስታሸው ይቆስላል፤ ቁስሉን ዝንብ ይወረዋል። ውርንጭላ ሳለች ሌሎቹ ሜዳ ላይ ሲፈነጩ እሷ ቋጥኝ ሥር ቆማ ታያቸው ነበር። «ሰነፍ» አሏት። ቆማ በዋለችባቸው ቀናት ግን ጥላ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ አወቀች።

በማግስቱ ሁሉም ሰፊው አሸዋ ላይ ወጥቶ የየራሱን ጉድጓድ ያዘ። ነጯ አህያ በጎሽና በከርከሮ መካከል ገብታ በፊት ኮቴዋ ትዝቅ ጀመር። እስከ አራት ሰዓት ከማንም አላነሰችም። ስድስት ሰዓት ሲሆን አፍንጫዋ ይበልጥ ቀላ፤ ጀርባዋ ሽፍ አለ፤ የጆሮዋ ጫፍ ውሃ ቋጠረ። ጥርሷን ነክሳ ዋለች።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ቀበሮ ቀስ ብሎ ተጠጋት።

«ምነው እትዬ? ቆዳሽ ምን ሆነ?»

«ፀሐይ ነው።»

«እኔን! ነገማ እረፊ። ለጌታችን እኔ እነግርልሻለሁ። እስከዚያው ያቺን ግራር ተጠጊና እከኪው። ቅርፊቷ ሻካራ ነው፤ ነፍስ ይዘራብሻል።»

አህያይቱ ግራሩን አየች። ገላዋ ሁሉ ወደዚያ ሳባት። አንድ እርምጃ ሄዳ ቆመች።

«ሲያኩት ደስ ይላል» አለች። «ሁልጊዜ ያስለቀሰኝ ግን ማከኩ ነው። እግዜር ይስጥልኝ፣ አያ ቀበሮ። ነገም እወጣለሁ።»

ቀበሮ ከቁጥቋጦው ጀርባ ወደሚጠብቀው ጅብ ተመለሰ።

«እንዴት ሆነ?» አለ ጅብ ምራቁን እየዋጠ።

«አትቸኩል፣ አያ ጅቦ። ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ትወድቃለች። ከደቦው ከወጣች ያንተ ናት። ጉበቷን ብቻ አስቀርልኝ።»

«ጉበቷማ የኔ ነው።»

«እሺ፣ ሳንባዋን።»

«እስቲ አስብበታለሁ።»

አህያይቱ ደግሞ ወደ ከርከሮ ሄደች። ስለ ሕመሟ ለማንም ነግራ አታውቅም። መጠየቁ ከመቆፈሩ ከበዳት።

«አያ ከርከሮ፣ ጠጉርህ ከኔ ጠጉር ይሳሳል። ቀኑን ሙሉ ከጎኔ ስትቆፍር ዋልክ። እንዴት አልተቃጠልክም?»

«ይህን ለመጠየቅ ይህን ያህል ዓመት ፈጀብሽ?» አለ ከርከሮ። «ጭቃ ነዋ! እናንተ ቆሻሻ ትሉኛላችሁ፤ እኔ ልብሴን ለብሼ ነው የምወጣው። ከዋርካው ማዶ ባለችው ኩሬዬ ውስጥ ጥቂት ቀርታኛለች። ለአንድ ቀን ትበቃሻለች። ከዚያ ወዲያ የራስሽን ፈልጊ።»

ጎህ ሲቀድ ነጯ አህያ ጭቃው ላይ ተንከባለለች። አፍንጫዋን፣ ጆሮዋን፣ ጀርባዋን ለቀለቀች። እንዲሁ እንዳለች አንበሳ ፊት ቀረበች።

«ጌታዬ፣ መቆፈሩን እቆፍራለሁ። ቦታውን ግን እኔ ልምረጥ።»

«ለምን?»

አራዊቱ ሁሉ ይሰማሉ። «ፀሐይ ቆዳዬን ያቆስለዋል» አለች።

ጎሽ ሊስቅ አፉን ከፈተ። አንበሳ ሲያየው ዘጋው።

«ደቦው የሚፈልገው ክንድሽን ነው» አለ አንበሳ። «ደስ ባለሽ ቦታ ቆፍሪ።»

ወንዙ ላይ፣ በሁለት ገደል መካከል የሚጠብብ ስፍራ አለ። ጠዋት የምሥራቁ ገደል ያጠላበታል፤ ከሰዓት በኋላ የምዕራቡ። ፀሐይ የሚገባው በቀትር ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ነጯ አህያ እዚያ ወርዳ መቆፈር ጀመረች።

ጅብ የራሱን ጉድጓድ ሳይጀምር ትቶ ገደሉ አፋፍ ላይ ተጋደመ።

«አያ ጅቦ፣ ጉድጓድህስ?» አለችው ቀና ብላ።

«እደርስበታለሁ። አንቺ መቼ ነው የምትወድቂው?»

«ስድስት ሰዓት ነው ያሉህ?» አለች፣ ትናንት የተቃጠለችበት ሰዓት ትዝ ብሏት።

«አዎ፣ ቀበሮ እኮ...» አለና አፉን ያዘ።

ስድስት ሰዓት ሆነ። ፀሐይ በሁለቱ ገደሎች መካከል ገባ። ጭቃው ደርቆ ተሰነጠቀ፤ በስንጥቁ ሙቀቱ ገባ፤ ከጭቃው ሥር ማሳከኩ ተነሣ። አህያይቱ ቆመች። ከጎኗ ሻካራ ቋጥኝ አለ፤ አንድ ጊዜ ከታከከችው እንደማታቆም ታውቃለች። ጅብ ብድግ አለ።

«ቆመች! ቆመች!»

እሷ ግን ቋጥኙን አልነካችም። አንገቷን ወደ ቆፈረችው ጉድጓድ አስገባች። ሥሩ ያለው አሸዋ ቀዝቃዛ ነበር። ርጥብም ነበር። አፍንጫዋን ቀበረችበት፤ እስኪበርድላት ቆየች። ከዚያ ርጥቡን አፈር እየዛቀች ወደ ላይ አወጣችና ተንከባለለችበት። ተነሥታ መቆፈሯን ቀጠለች። ጅብ መልሶ ተጋደመ።

«ነገ ትወድቃለች» አለ ለራሱ።

በማግስቱም እንደዚያው ሆነ። ጉድጓዱ በጠለቀ ቁጥር አፈሩ ይረጥባል፤ አፈሩ በረጠበ ቁጥር ጭቃው ይበዛላታል። ሰፊው አሸዋ ላይ ያሉት ጉድጓዶች ግን ከላይ እስከ ታች ደረቅ ነበሩ። ጎሽ ወገቡ እስኪሰወር ቆፍሮ አቧራ ብቻ አገኘ። ገደሉ ሥር በወረደች በሦስተኛው ቀን፣ የምዕራቡ ገደል ጥላ ሲዘረጋ፣ ነጯ አህያ ረጅም ጊዜ አናፋች። ሁሉም ሮጦ መጣ። ከኮቴዋ ሥር ውሃ ይፈልቃል።

አንበሳ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመ። «የቆፈረ ይጠጣ» አለ። «መጀመሪያ ግን ጉድጓዳችሁን አሳዩኝ።»

ሁሉም አሳየ። ቀበሮ ጠባብ ጭረት አሳየ።

«እኔ፣ ጌታዬ፣ ገና ጠልቄ አልቆፈርኩም፤ ቦታ ስመርጥ ነው የዋልኩት።»

«መጨረሻ ትጠጣለህ። አያ ጅቦስ?»

ጅብ ዙሪያውን አየ። የሚያሳየው ጉድጓድ የለውም።

«ሦስት ቀን የት ነበርክ?»

«እሷን ስጠብቅ።»

«ምን ልትሆን?»

«ልትወድቅ።»

አንበሳ ጥፍሩን አወጣ። ጅብ ጭራውን ወሽቆ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ከደቦው የቀረ ከሰላሙም እንደቀረ አሁን ገባው።

«ጌታዬ» አለች ነጯ አህያ። ከሌሎች ተለይቶ ብቻ መቆም ምን እንደሆነ ታውቃለች። «ጉድጓዱ አሸዋ እየተደረመሰበት ነው። እየጠረገ የሚያወጣ ይፈልጋል። እሱ ያውጣው፤ ያም ደቦው ይሁንለት።»

አንበሳ ጥፍሩን መለሰ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጅብ አሸዋውን ከጉድጓዱ እየጠረገ ወደ ሰፊው ሜዳ አወጣ። ፀሐዩ አናቱ ላይ ነበር። በአራተኛው ቀን አፍንጫው ተላጠ፤ ጆሮው ሽፍ አለ። ያችኑ ግራር ሊታከክባት ሲንደረደር ነጯ አህያ ጠራችው።

«አያ ጅቦ፣ አትከከው! ና፣ ጭቃ አለ።»

ጅብ መጣ። ተለቀለቀ። ትንሽ በረደለትና ቀና ብሎ አያት።

«እትዬ፣ ያን ሁሉ ቀን እንዲህ እያሳከከሽ ነበር የምትቆፍሪው?»

«አዎ።»

ጅብ ደግሞ አያት። ስለ መብላት ሳያስብ ሲያያት ያ የመጀመሪያው ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ ሕመሙን ሳይደብቅ ጥላውንና ሰዓቱን ለይቶ ሥራውን የሚሠራ በሽተኛ፣ የሰው መውደቅ ሲጠብቅ ከሚውል ጤነኛ እንደሚበልጥ ነው።