ጠይቅ አምባ

ከቆላው ወደ ደጋው በሚያወጣው መንገድ በስተግራ የሚታየው፣ ዛሬ የጦር ሰፈር ያለበት ኮረብታ ጠይቅ አምባ ይባላል። በዚያ ሰፈር አዲስ መጋዘን ወይም የወታደር ማደሪያ የሚሠራ እንደሆነ፣ አዛዡ ወደ መንደሩ ወርዶ ሕዝቡን አውድማ ላይ ሰብስቦ ሳያማክር መሠረት አይቆፈርም። በጉባኤው ቀድማ የምትናገረውም ሸክላ ሠሪ ሴት ናት። ልማዱ ከየት እንደመጣ ሽማግሌዎች ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

እንደሚነገረው በቀድሞ ዘመን ፊታውራሪ አስረስ የሚባሉ የጦር አለቃ ከነሠራዊታቸው መጥተው ኮረብታው ላይ ሰፈሩ። ማንንም ሳይጠይቁ በምሥራቁ ትከሻ ረጅም የድንጋይ አዳራሽ አሠርተው ወታደሮቻቸውን አስገቡበት። ስለ ቦታው አንድ ቃል የተነፈሰ ገበሬ በአደባባይ ስለተገረፈ፣ ከዚያ ወዲያ መንደሩ አፉን ዘጋ።

ከኮረብታው ግርጌ ዘርትሁን የምትባል ሸክላ ሠሪ መበለት ትኖር ነበር። ጭቃዋን የምትቆፍረው ከዚያው ትከሻ ሥር ነበርና፣ መሬቱ ከላይ ጭንጫ ቢመስልም ከሥሩ ውሃ ሲጠግብ እንደ ሙልጭልጭ ድንጋይ የሚያዳልጥ ነጭ ጭቃ እንደሆነ ታውቃለች። ሐምሌ ገብቶ ዝናቡ ሲበረታ፣ ከአዳራሹ በታች ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ አየች። ሸክላ ሠሪ ቡዳ ናት እየተባለ በሚታማበት አገር፣ ይወድቃል ብላ ተናግራ ቢወድቅ በዐይኗ ጣለችው ሊሏት ነው፤ ዝም ብትል ደግሞ ውስጥ ያሉት ሰዎች ማለቃቸው ነው። ሁለት ቀን እህል ሳትቀምስ ቆየች ይባላል። በሦስተኛው ቀን ወደ ፊታውራሪው ሰፈር ወጣች።

«ጌታዬ፣ ቤቱ እየሄደ ነው፤ ሰዎቹን ያስወጧቸው» አለች መሬት ስማ።

«ማን ነገረሽ?»

«ስንጥቁን አየሁት።»

«አየሁት አልሽ? እንግዲያው የሰነጠቀው ዐይንሽ ነው» አሏት ፊታውራሪው፤ ቢወድቅ እሷም ላይ እንዲወድቅ ብለውም ከአዳራሹ ምሰሶ ጋር አሳሰሯት።

ዘርትሁን ታስራ ከወለሉ ሥር የሚመጣውን ድምፅ ስታዳምጥ ዋለች፤ አንድ ሰው ጥርሱን የሚያፋጭ ይመስል ነበር አሉ። በማግሥቱ ረፋድ ላይ በሩ አልከፈት አለ። ቢራራ የሚባለው ጠባቂዋ ቢገፋው፣ በትከሻው ቢመታው ንቅንቅ አላለም።

«ልጄ፣ በሩን የያዘው መሬቱ ነው፤ መቃኑን አጣሞታል» አለችው።

ቢራራ ጎንበስ ብሎ መዳፉን ወለሉ ላይ ቢያሳርፍ፣ ወለሉ ከእጁ ሥር ሲንሸራተት ተሰማው። ከፊታውራሪው ጅራፍ ይልቅ ያ መሬት አስፈራውና በሩን በመጥረቢያ ፈልጦ፣ እስራቷን በጥሶ፣ ጓደኞቹን እየተጣራ አስወጣ። መነሣት ያልቻሉ ሰባት ሕሙማን እንደተኙ፣ አዳራሹ ከነግንቡ ቁልቁል ሄዶ ገደል ገባ።

ወታደሮቹ ሰይፋቸውን መዘው ዘርትሁንን ከበቡ። «እሷ ናት፤ በልታቸው ነው» አሉ። ከሰባቱ አንዱ የፊታውራሪው ታናሽ ወንድም ስለነበር፣ ሁሉም ትእዛዛቸውን ይጠብቅ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ገደሉ አይተው፣ «ነግራኝ ነበር» አሉ። ቀጥለውም ወደ እሷ ዞረው፣ «ከእንግዲህ የት እንሥራ?» ብለው ጠየቋት። እሷም በጣቷ የምዕራቡን ጎን አሳየች።

በሳምንቱ ፊታውራሪው የተገረፈውን ገበሬ ጨምረው መንደሩን አውድማው ላይ ሰበሰቡና አዲሱ አዳራሽ የት ይሠራ ብለው ጠየቁ። ሰው ሁሉ ፈርቶ መሬት መሬት ሲያይ፣ መጀመሪያ የተናገረችው ዘርትሁን ነበረች። ኮረብታው ስሙን ያገኘው ያን ቀን ነው ይባላል።

ባለፈው ዓመት አንድ መኮንን የውሃ ማጠራቀሚያ የሚሠራበትን ቦታ በካርታ ይዞ ወርዶ ነበር። አንዲት ሸክላ ሠሪ ቦታው ድረስ ሄዳ ከአፈሩ ቆንጠር አድርጋ በጣቶቿ አሸችና፣ «እዚህስ ፈራሁ» አለች። መኮንኑ ለምን ብሎ አልጠየቃትም፤ ካርታውን አጥፎ ሌላ ቦታ እንድታሳየው ከኋላዋ ተከተላት።