ለደስታ ቀን የቆመች መኪና

አንድ ቆርቆሮ ነጋዴ ነበረ። ከሌላው ነጋዴ የሚለየው ነገር ቢኖር ሁሉን የሚቆጥር መሆኑ ነው።

አንተ እንዲህ ብለህ ጠየቅኸኝ፦ «ከእናቴ ጋር አልተጣላንም። ክፉ ቃልም አልተለዋወጥንም። ሳንተያይ ቆየን እንጂ። ያልተበላሸ ነገር ምን ያስቸኩላል? ለፋሲካ ብሄድ ምን አለበት?» በምክር ልመልስልህ እችል ነበር። ምክር ግን ገበያው የወደቀ ዕቃ ነው፤ ሻጩ ብዙ፣ ገዢው የለም። ይልቅ የዚህን ነጋዴ ነገር ስማ።

ነጋዴው የመጣው ቆላ ውስጥ፣ አስፋልት ዳር ከተቆረቆረች ትንሽ ከተማ ነው። እናትና አባቱ በልጅነቱ ስለሞቱ ያሳደገው ታላቅ ወንድሙ ነው። ታላቅየው በጭነት መኪና ረዳትነት እየሠራ አበላው፣ አለበሰው፣ አስተማረው። ሥራ በሌለ ቀን ሁለቱም አስፋልቱ ዳር ተቀምጠው ለመንገደኛ ፓፓያ ይሸጡ ነበር።

አንድ ቀን ጣሪያ የሌላት ቀይ መኪና መጥታ አጠገባቸው ቆመች። ባለቤቷ ፓፓያውን ከነዘንቢሉ ገዝቶ፣ አቧራውን አስነስቶ ሄደ። ታናሽየው አፉን እንደከፈተ ቀረ።

«ወንድም ጋሼ፣ ዝናብ ሲመጣስ ምን ያደርጋል?»

«ዝናብ ሲመጣማ ሀብታም ቤቱ ነው።»

«ሳድግ እንደሷ ያለች እገዛና አንተን አስቀምጬ ከተማውን አዞርሃለሁ።»

«የኛን ከተማ ለመዞር መኪና ምን ያደርጋል? ባለህበት ቆመህ አንዴ ብትዞር ጨረስከው» አለ ታላቅየው። ሁለቱም ሳቁ።

ልጁ አድጎ ዋና ከተማ ገባ። በመጀመሪያ ቆርቆሮ ተሸካሚ ሆነ፤ ቆይቶ ቆርቆሮ ሻጭ፣ ከዚያም ቆርቆሮ አስመጪ ሆነ። መጀመሪያ በየዓመቱ አገሩ ይሄድ ነበር። ኋላ ሥራ ሲበዛ አንዱን ዓመት ዘለለ፣ ከዚያ ሁለቱን ዘለለ፣ በመጨረሻ ስልክ ብቻ ቀረ። ስልኩ ግን ሞቅ ያለ ነበር።

«ማሙሽ፣ ያቺ መኪና የት ደረሰች?» ይለዋል ወንድሙ። ጸጉሩ ሸብቶም ማሙሽ ነው የሚለው።

«መንገድ ላይ ናት።»

«በእግሯ ነው እንዴ የምትመጣው?»

ይስቁና ይዘጉታል። ቅያሜ የለ፣ ቂም የለ። ነጋዴው ወንድሙን ሲያስብ አይሰጋም ነበር። ካዝና ውስጥ እንደተቆለፈ ወርቅ፣ ባስቀመጥኩበት አለ ብሎ ያምናል። ወርቅ ቢያስቀምጡት አይበላሽም፤ እሱም ሰው እንደዚያው ይመስለው ነበር።

አንድ ቀን ወንድሙ ደወለ። ስለ መኪናዋ አልጠየቀም። «ማሙሽ፣ ትንሽ አሞኛል። ናና ልይህ» አለ። ድምፁ ቀጥኗል።

«እመጣለሁ» አለ ነጋዴው። ከልቡ ነበር ያለው።

በዚያው ሳምንት አንድ ደላላ ደወለለት። ነጋዴው ድሮ እንዲህ ያለች መኪና ካገኘህ ደውልልኝ ብሎ ነግሮት ነበር። «ተገኘች» አለ ደላላው። «ባለ ሁለት በር የስፖርት መኪና፤ ቀይ፣ ጣሪያዋ የሚከፈት። ያገለገለች ናት ይባላል እንጂ አላገለገለችም። ቆጣሪዋን ስታይ ታምነኛለህ።» ነጋዴው ነገሩ ከላይ የመጣለት መሰለው። ወንድሙ ሲጠራው ቃል የገባለት መኪና አብራ ደረሰች። ባዶ እጁን አይሄድም፤ በሷ ይሄዳል።

ሻጯ ባሏ የሞተባት አሮጊት ናት። መኪናዋ ግቢው ጥግ ልብስ ለብሳ ቆማለች። ልብሷ ሲገፈፍ ቀለሟ እንደ አዲስ ብረት ድስት አበራ። ወንበሮቿ ከፋብሪካ የመጡበት ላስቲክ እንኳ አልተነሳላቸውም። ነጋዴው ገብቶ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን አየ። እዚያ ላይ የተጻፈው አንድ የታክሲ ሚኒባስ በሁለት ወር የሚጨርሰው ነው።

«ምነው እማማ፣ አትነዳም ነበር እንዴ?»

«ባለቤቴ ለደስታ ቀን ናት ይል ነበር። እሑድ እሑድ ልብሷን ገፍፎ ይወለውላታል፣ መልሶ ያለብሳታል።»

«የደስታው ቀን መቼ ነበር?»

አሮጊቷ ልብሱን ማጣጠፍ ጀመረች። «እሱ ሞተ» አለች።

ከዚያ ደግሞ ያልጠየቃትን ነገረችው። «ልጄ፣ አትቸኩል። ከቆመች ብዙ ዘመኗ ነው። መካኒክ አምጣና አሳይ፤ ኋላ እንዳታዝንብኝ።»

የነጋዴን ብልጠት አየህ? እዚህ ላይ ነው የጣለው። ገበያ ውስጥ ዕቃውን የሚያመሰግን ሻጭ አያስፈራም፤ ሁሉም ያመሰግናል። የራሱን ዕቃ የሚያጥላላ ሻጭ ሲገጥምህ ግን የተሻለ ገዢ ይዞ አንተን እያባረረህ ነው ማለት ነው። ነጋዴው ራሱ ስንቱን በዚህ መንገድ ከመደብሩ ሸኝቷል። ስለዚህ አሮጊቷ «ቆይ» ስትለው እሱ «ፍጠን» ያለችው መሰለው። መካኒክ ሳይጠራ፣ ከመኪናዋ ሆድ አንዲት ብሎን ሳያይ፣ ቆጣሪውን አምኖ ገዛ። በዕድሜው ሙሉ የሚያታልሉትን ሲጠነቀቅ ኖሮ፣ እውነት የምትነግረው ሴት ፊት መቆሙን አላወቀም።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ወንድሙ ተነሳ። መኪናዋ ትንሽ ታስላለች እንጂ ትሄዳለች። ደጋውን ወርዶ ሙቀቱ ፊቱን ሲመታው፣ ፓፓያ የሚሸጡ ልጆች ከአስፋልቱ ዳር ሲታዩት ልቡ ተነሳ። ከተማዋ ከመድረሱ በፊት ጣሪያዋን ሊከፍት ዳር ያዘና ቆመ። ወንድሙ ሲያያት ተከፍታ መሆን አለባት።

የጣሪያውን መክፈቻ ቁልፍ ተጫነ። ጣሪያው እንደ አሮጌ ጉልበት እየተንቋቋ ከፍ አለና መሃል ላይ ቆመ። ስንት ዘመን ተወጥሮ የኖረው ሸራ እጥፋቱ ላይ እንደ ደረቅ ቆዳ ተሰነጠቀ። ወደፊት ቢለው አይሄድም፤ ወደ ኋላ ቢለው አይመለስም።

ሞተሩ ግን ይሠራል። ጎማዎቹ ይዞራሉ። ወንድሙ ቤት ለመድረስ የቀረው መንገድ ወደ ቤቱ ከሚመልሰው መንገድ እጅግ ያንሳል። የሚቆጥር ሰው ነውና ይህንንም ቆጥሮታል። «የልጅነት ቃሌን ክንፉ እንደተሰበረ ዶሮ ይዤለት አልገባም» አለ ለራሱ። መሪውን አዞረና ተመለሰ።

የዚህ ሁሉ ታሪክ ክብደት ያረፈው እዚያ መዞሪያ ላይ ነው።

ከመንገድ ዳር ደወለ። ሊያስደንቀው የደበቀውንም አወጣው። «ወንድም ጋሼ፣ ያቺን መኪና ገዝቻታለሁ እኮ። ስመጣ ግን ተበላሸችብኝ። ላሠራትና በሷ እመጣለሁ።»

«መኪናዋን ማን ጠራት?» አለ ወንድሙ። «አንተን ነው እኮ የጠራሁት።»

«ጥቂት ቀን ነው፤ ግፋ ቢል ሳምንት።»

ታላቅየውን ሳል ያዘው። «እሺ ማሙሽ» አለ በመጨረሻ። «ብቻ ዝናብ እንዳይመታችሁ።»

መኪናዋ ጋራዥ ገባች። ሸራው አገር ውስጥ አይገኝም ተባለና ከዱባይ በሰው ሻንጣ እስኪመጣ ይጠበቅ ጀመር። እስከዚያው መካኒኩ ሌላ ሌላውን ፈታ። ጎማዎቹ ጥርሳቸው ሳይነካ ጎናቸው ተሰነጣጥቋል። የውሃ ቱቦዎቹ ሲጨብጧቸው እንደ ብስኩት ይፈረፈራሉ። ታንከሩ ውስጥ የከረመው ቤንዚን ወደ ሙጫ ተቀይሯል።

«እንዴት ነው ነገሩ? ያልተነዳች መኪና እኮ ናት» አለ ነጋዴው።

«ጋሼ፣ መኪና በመነዳት ብቻ አያረጅም» አለ መካኒኩ እጁን እየጠረገ። «በመቆምም ያረጃል። ሲነዳ የሚያረጀው ይንኳኳል፣ ይጮኻል፣ ትሰማዋለህ። ቆሞ የሚያረጀው ግን ድምፅ የለውም።»

ለምን በአውቶብስ አልሄደም ትለኝ ይሆናል። ሸራው ዛሬ ነገ ይደርሳል ስለሚባል ነው። አንድ ቀን መቆየት ሁልጊዜ ትንሽ ነገር ነው፤ አንድ ቀን አባከንኩ ብሎ ያለቀሰ ሰው አላየሁም። ስልክም ይደውል ነበር። ወንድሙ አንዳንዴ ራሱ ያነሳል፣ አንዳንዴ ሚስቱ አንስታ «ተኝቷል» ትላለች። ኋላ ኋላ ተኝቷል የሚባልበት ቀን በዛ።

ሸራው መጣ፣ ተገጠመ። ማምሻውን መኪናዋን ግቢው አስገባት፤ ልብሱንም አዘጋጅቶ ተኛ። ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ሲከፍት ጎረቤትና ዘመድ ጋቢውን ተከናንቦ ደጁ ላይ ቆሟል። በዚያ ሰዓት እንዲያ ሆኖ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ አገር ያውቃል። ነጋዴው ባለበት ቁጭ አለ።

ለመሄድ ሲነሱ ወደ ቀይዋ መኪና አመራ። «በዚህችማ ለልቅሶ አይኬድም» አለ አንድ ሽማግሌ ክንዱን ይዞ። «ሚኒባሱ አለ፤ ከኛ ጋር ግባ።»

«ቃሌ ነው» አለ ነጋዴው። ጣሪያው ያለ አንዳች ድምፅ ተከፈተ።

መንገዱን ሙሉ ፊቱን ነፋስ እያደረቀው ነዳ። ከተማዋ ሲገባ ልጆች አዩት። በዚያ አገር ጣሪያዋ የተከፈተ ቀይ መኪና የሚመጣው ለሠርግ ብቻ ነው። «ሙሽራ መጣ» እያሉ በሁለቱም ጎን እየሮጡ አጨበጨቡ። ውሃ የሚቀዱ ሴቶች ጀሪካናቸውን አስቀምጠው እልል አሉለት። አንዱ ልጅ በሩን ይዞ እየሮጠ «ጋሼ፣ ሙሽሪትስ?» አለው።

የወንድሙ ደጅ የተተከለው ድንኳን ታየው። እልልታው ከኋላው፣ ለቅሶው ከፊቱ ሆነ። መኪናዋን መሃል መንገድ ላይ፣ በሯን እንኳ ሳይዘጋ ትቶ የቀረውን በእግሩ ሄደ። የቀረው አንድ የኳስ ሜዳ ያህል ነው። ያን ያህል ረጅም መንገድ ሄዶ አያውቅም።

ከቀብር በኋላ፣ ሰው ከተረጋጋ ወዲህ፣ የወንድሙ ሚስት አጠገቡ ተቀመጠች። ልትወቅሰው አልነበረም፤ የምታወራው ሰው ፈልጋ ነው።

«ከሰዓት ከሰዓት ወንበሩን ወደ አስፋልቱ አዙሩልኝ ይል ነበር» አለች። «መኪና ድምፅ ባሰማ ቁጥር ቀና ይላል። እኔ ያቺን ቀይ መኪናህን የሚጠብቅ መስሎኝ እስቅበት ነበር። ኋላ ልብ ብዬ ሳየው ቀይ መኪና አይደለም የሚያየው። አውቶብስ ሲቆም በሩን ነው የሚያየው። የመጨረሻው ሰው ወርዶ በሩ እስኪዘጋ ድረስ ዓይኑን አያነሳም።»

አውቶብሱ ከዋና ከተማው በየቀኑ ይመጣ ነበር።

መኪናዋን መልሶ አልወሰዳትም። እዚያው ወንድሙ ግቢ፣ ግራር ሥር ቆማለች ይባላል። ልብስ የሚያለብሳትም የለም።

እንግዲህ ልጄ፣ ጥያቄህን መልሼ ላምጣልህ። «አልተጣላንም» አልከኝ። ያቺም መኪና አልተጋጨችም። «ክፉ ቃል አልተለዋወጥንም» አልከኝ። እሷም ጭረት አልነበራትም፤ ቆጣሪዋም የሚያሳየው ትንሽ ነበር። አንተ የእናትህን ፍቅር እንደዚያ ነጋዴ በቆጣሪው ነው የለካኸው፤ ስላልተነዳ አዲስ ነው ብለሃል። ሳንጣላ ቆየን የምትለው ዝምታ፣ ያ መካኒክ ድምፅ የለውም ያለው እርጅና ነው። ከእናትህ ጋር ብትጣላ ኖሮ ይሻል ነበር፤ የተጣላ ሰው ቢያንስ የሚያስታርቀው ይፈልጋል።

ደግሞ ለፋሲካ የምትለው እጅህን ሞልተህ ለመግባት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሥራህ እስኪሰምር፣ ልብስህ እስኪያምር ነው። በዓሉን ግን ማን ጠራው?

ስንት ሰዓት ነው? የናንተ አገር አውቶብስ ሰባት ሰዓት ላይ ይነሳል፤ አልሞላም ከተባለ ትንሽ ይቆያል። ተነሥ። እናትህ ወንበሯን ወዴት አዙራ እንደምትቀመጥ እኔ አላውቅም። አንተም አታውቅም።