የካህኑ ከበሮ

አንድ ሰው ነበረ፤ መናፍስትን የሚያከብር የቩዱ እምነት ካህን። አታማትብ ንጋቱ፣ ጥያቄህን ነው የምመልስልህ። የእድር ዳኝነቱን ሳስረክብ ስሜ እንዳይረሳ ፎቶዬን አዳራሹ ውስጥ ልስቀል ወይ ብለኸኝ የለም? እንግዲያው ጆሮህን ስጠኝ።

ካህኑ የሚኖረው በምዕራብ አፍሪካ ባሕር ዳር፣ በዓሣ አጥማጆች መንደር ነበር። ሳቂታ ሽማግሌ ነው። የታመመ ይጠይቃል፣ የተጣላ ያስታርቃል። በዚያ አገር የማዕበሉ ወራት አልፎ ውኃው ሲረጋ፣ የባሕሩ መንፈስ እንዲፈቅድ ከበሮ ሳይመታ ጀልባ አይወጣም። ያን ከበሮ የሚመታው እሱ ብቻ ነው፤ ሌላ ሰው እጁን ቢያሳርፍበት ነውር ነው።

ካህኑ አረጀ። መንደሩን ጭንቅ ያዘው። እሱ ከሞተ ማን ይመታል? ጀልባው ካልወጣስ ልጆቻችን ምን ይበላሉ? እያሉ ተንሾካሾኩ። አንድ ባለጸጋ መላ አገኘሁ፣ እሱ ሲሞት ይህ በቦታው ይቆምልናል ብሎ የካህኑን ምስል ከእንጨት አስቀርጾ አመጣ። ካህኑ ዞር ዞር ብሎ አየውና አፍንጫው አምሮለታል አለ።

ውኃው ረግቶ ከበሮው የሚመታበት የበዓሉ ቀን ሲደርስ ሕዝቡ አሸዋው ላይ ተሰበሰበ። ካህኑ መምታት ጀመረ፤ ግን ምቱን አበላሸው። ሰዉ ተያየ። እንደገና አበላሸው። ይሄኔ አንዲት ዓሣ ሻጭ አላስችል ብሏት ትክክለኛውን ምት በጭብጨባ አሰማችው። ጎረቤቷ ተከተለች፤ ቀጥሎ ወንዱም ሴቱም፣ ሕፃን ሽማግሌው፣ አንድም ሳይስት አጨበጨበ። ካህኑ ከበሮውን መሬት አስቀምጦ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

«ካወቃችሁትማ ምን ያስጨንቃችኋል? ከዛሬ ጀምሮ ከበሮው የሁላችሁም ነው» አላቸው።

በዓመቱ ሞተ። አልቅሰው ቀበሩት፤ ባሕሩ ሲረጋም ከበሮውን እየተቀባበሉ መቱ፣ ጀልባዎቹም ወጡ። ምስሉን ምስጥ በላው፤ ማንም ልብ አላለም።

አንተም እንደዚያ ሰውዬ ነህ፣ ንጋቱ። የሚቀጥለው ለቅሶ ሲመጣ፣ ሁልጊዜ ከለቀስተኛ በፊት ድንኳን ይድረስ የምትለውን ተውና፣ ነገ ይተከላል ብለህ ቁጭ በል። ጎረምሶቹ ተቆጥተውህ ድንኳኑን ተሸክመው ከሮጡ፣ ስምህ እነሱ ጋ አለ፤ በሰላም አስረክብ። «እሺ፣ ነገ» ካሉህ ግን ፎቶህን በትልቁ አሠርተህ ስቀል፤ ካንተ የሚተርፈው እሱ ብቻ ነው።