የሩቂያ መጥበሻና ደጅ የዘጋችው ግመል

ጠጋ በሉና ስሙኝ። አሥር ደቂቃ የሚበቃው እራት እንዴት አድርጎ አንድ ሰፈር እንዳናወጠ ልነግራችሁ ነው።

ድሬዳዋ ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው በስተጀርባ፣ ሩቂያ የምትባል ሴት ከአባቷ ከጋሽ ነስሩ ጋር ትኖር ነበር። ጋሽ ነስሩ በደህናው ዘመን የባቡሩ ወጥ ቤት አብሳይ ነበሩ። ሚስታቸው ካረፉ ሦስት ሳምንት ሆኗል። ከዚያ ቀን ወዲህ ጋሽ ነስሩ ሻይ ይጠጣሉ፣ ዳቦ ይቆነጥራሉ፣ ሰሃኑን ገፋ ያደርጋሉ። ሩቂያ ፋብሪካ ውላ ትገባለች፣ ትሠራለች፣ ታቀርባለች፤ እሳቸው ይገፋሉ። ልመናም አልረዳ፣ ቁጣም አልረዳ።

ታዲያ አንድ ማክሰኞ፣ ጅቡቲ የሚሠራው ወንድሟ ከባህሩ የወጣ አንድ ኪሎ ሽሪምፕ የሚሉትን ትንንሽ የባህር እንስሳ በበረዶ ሞልቶ፣ በነጭ የፎም ሳጥን አሽጎ፣ በባቡር ሰው እጅ ላከላት። ጋሽ ነስሩ ሳጥኑ ሲከፈት አዩ። አዩና፣

«ይሄ በሰፊው መጥበሻ፣ ከአትክልት ጋር ቶሎ ቢጠበስ... እበላ ነበር» አሉ።

እበላ ነበር! በሦስት ሳምንት ውስጥ ስለ ምግብ የመጀመሪያዋ ቃል! ሩቂያ ዘላ ተነሣች። ካሮቱን ከተፈች፣ ዝኩኒውን ከተፈች፣ ቃሪያውን ሰነጠቀች፣ ነጭ ሽንኩርቱን ወቀጠች። ሰዓቱ አሥራ አንድ ነው፣ ሙቀቱ አልበረደም፣ ፍሪጃቸው ከተበላሸ ወር አልፎታል፤ በረዶው ደግሞ ከአሁኑ መቅለጥ ጀምሯል። ይሁን፣ ምን ችግር አለ? አሥር ደቂቃ ነው! እጇን ወደ መደርደሪያው ሰደደች።

መጥበሻው የለም።

ጎረቤቷ እትዬ ስህን «ለዛሬ ብቻ» ብለው ከወሰዱት ሁለተኛ ሳምንቱ ነው። ሩቂያ ደሟ ፈላ። ሳጥኑን ለድመት ትታ እንዳትሄድ በብብቷ ሸጉጣ፣ እየተንጠባጠበ፣ የእትዬ ስህንን በር በክርኗ ደበደበች።

«መጥበሻዬን!»

«ምነው ልጄ፣ እንደምን አመሸሽም የለ?»

«እንደምን አመሹ። መጥበሻዬን!»

እትዬ ስህን ወደ ወጥ ቤታቸው ወስደው አሳዩአት። ከእጅ መታጠቢያው ሥር ቧንቧው ያንጠባጥባል፤ ከቧንቧው ሥር የሩቂያ መጥበሻ እስከ አፉ ውሃ ሞልቶ ተዘርግቷል። «ከዚያ ሥር ባልዲ አይገባ፣ ድስት አይገባ። ጠፍጣፋው ያንቺ መጥበሻ ብቻ ገባ። ዋናው መዝጊያ ዝጎ አይዞርም። ባነሣው ቤቴ ሐይቅ ይሆናል። ኢድሪስ መጥቶ ቧንቧውን ያጥብቅልኝና በደስታ እሰጥሻለሁ።»

«የኔ መጥበሻ የውሃ መቀበያ ሆነ?» አለች ሩቂያ። መልስም አልጠበቀች።

ኢድሪስ ቧንቧውን ካላጠበቀ፣ እትዬ ስህን መጥበሻውን አይሰጡም፤ መጥበሻው ካልመጣ ሩቂያ ሽሪምፑን አትጠብስም፤ ሩቂያ ካልጠበሰች አባቷ እራት አይበሉም። በረዶው ግን ይቀልጣል!

ኢድሪስ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ቤቱ ደጅ ላይ እግሩን ዘርግቶ ጫቱን ሲቅም አገኘችው።

«ተነሥ! የእትዬ ስህንን ቧንቧ አጥብቅ!»

«በምኔ? በጥርሴ?» አለ ኢድሪስ፣ እሱም ተቆጥቶ። «መፍቻዬን ቶፊቅ ወስዶብኛል። ባለባጃጁ። ሁለት ቀን ሥራ ፈትቼ ተቀምጫለሁ። እኔ ነኝ መቆጣት ያለብኝ!»

«ታዲያ ሄደህ አትቀበለውም?»

«ሄጄ ነበር። አልሰጥም አለ። አንቺ ሂጂና ሞክሪ፤ ቁጣሽ ከኔ ይሻላል።»

«ይሻላል!» አለች ሩቂያ፤ ሄደች።

ቶፊቅ መፍቻውን ካልመለሰ፣ ኢድሪስ ቧንቧውን አያጠብቅም፤ ኢድሪስ ካላጠበቀ እትዬ ስህን መጥበሻውን አይሰጡም፤ መጥበሻው ካልመጣ ሩቂያ ሽሪምፑን አትጠብስም፤ ሩቂያ ካልጠበሰች አባቷ እራት አይበሉም። በረዶው ግን ይቀልጣል! የሳጥኑ ውሃ አሁን በቀሚሷ ጎን እየወረደ ነው።

ቶፊቅ ባጃጁን አደባባዩ ላይ አቁሞ ተሳፋሪ ይጠብቃል። ሩቂያ በመስኮቱ አንገቷን አስገብታ፣

«የሰው መፍቻ መልስ!» አለችው።

ቶፊቅ በጣቱ ወደ እግሩ አመለከተ። የፍሬኑ ፔዳል ከሥሩ ተሰብሮ፣ በተረፈችው ጉማጅ ላይ የኢድሪስ መፍቻ ጥርሱን ነክሶ ቆሟል። ቶፊቅ እሱን ነው የሚረግጠው።

«መፍቻውን ካወጣሁት ፍሬን የለኝም።»

«በመፍቻ ፍሬን ሰው ትጭናለህ? አላህን አትፈራም?»

«እፈራለሁ! ለዚህ እኮ ነው ቀስ ብዬ የምነዳው። ላቀው ፔዳሉን ይበይድልኝ፣ መፍቻውን ዛሬውኑ ስሜ እመልሳለሁ። እሱ ግን ከጠዋት ጀምሮ ሱቁን አልከፈተም።»

«ለምን?»

«ሄደሽ እይው። እኔ ብነግርሽ አታምኚኝም።»

ሩቂያ ሄደች። እየሄደችም ለብቻዋ ታወራ ጀመር፤ ሰዎች ዞር እያሉ አዩአት። ላቀው ፔዳሉን ካልበየደ፣ ቶፊቅ መፍቻውን አይመልስም፤ ቶፊቅ ካልመለሰ ኢድሪስ ቧንቧውን አያጠብቅም፤ ኢድሪስ ካላጠበቀ እትዬ ስህን መጥበሻውን አይሰጡም፤ መጥበሻው ካልመጣ ሩቂያ ሽሪምፑን አትጠብስም፤ ሩቂያ ካልጠበሰች አባቷ እራት አይበሉም። በረዶው ግን ይቀልጣል!

የላቀው ብየዳ ቤት ደጃፍ ላይ አንዲት ግመል ተኝታለች። ስትተኛም እንዲሁ አልተኛችም፤ የሱቁን በር ከዳር እስከ ዳር ዘግታ፣ አንገቷን ቀጥ አድርጋ፣ እያመነዠከች ነው። ላቀው ከግመሏ ወዲህ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ማሽኑ ከግመሏ ወዲያ፣ ውስጥ ነው።

«ላቀው፣ የቶፊቅን ፔዳል በይድ!»

«በምን ገብቼ? በጣሪያ? አታይም?» ላቀው ፊቱ ቲማቲም መስሏል። «በገዛ ሱቄ! በገዛ ደጄ! ይቺ ግመል እስክትነሣ እኔ ብየዳ የለኝም!»

«አስነሣት እንጂ!»

«ነካኋት፤ ተፋችብኝ። የምትሰማው ባለቤቷን ብቻ ነው።» አገጩን ወደ ማዶ ቀሰረ።

ማዶ፣ ከግድግዳው ጥላ ሥር፣ የግመል ወተት የምትሸጠው ሂቦ ባዶ ዕቃዎቿን ደርድራ፣ ጀርባዋን ለላቀው ሰጥታ ተቀምጣለች። ሩቂያ ሄዳ ፊቷ ቆመች።

«ሂቦ፣ ግመልሽን አስነሺ!»

«አላስነሣም።»

«ለምን?»

«ጠዋት ይሄ ሰውዬ የታጠበበትን ውሃ አውጥቶ ደፋብኝ። በቀሚሴ ላይ! በወተቴ ላይ! አላየሁሽም አለኝ። ይቅርታ በል አልኩት፤ መንገድ ላይ ማን ተቀመጪ አለሽ አለኝ። ወላሂ፣ ይቅርታ ሳይለኝ ግመሌ አትነሣም!»

ላቀው ከማዶ ሰማ። «በገዛ ደጄ ይቅርታ? አልልም!»

«እንግዲያው ትተኛለች!»

ሩቂያ በመሃል ቆመች። አንዱን አየች፣ ሌላዋን አየች፤ ጮክ ብላም ቆጠረችው። ላቀው ይቅርታ ካላለ፣ ሂቦ ግመሏን አታስነሣም፤ ግመሏ ካልተነሣች ላቀው ፔዳሉን አይበይድም፤ ላቀው ካልበየደ ቶፊቅ መፍቻውን አይመልስም፤ ቶፊቅ ካልመለሰ ኢድሪስ ቧንቧውን አያጠብቅም፤ ኢድሪስ ካላጠበቀ እትዬ ስህን መጥበሻውን አይሰጡም፤ መጥበሻው ካልመጣ ሩቂያ ሽሪምፑን አትጠብስም፤ ሩቂያ ካልጠበሰች አባቷ እራት አይበሉም። በረዶው ግን ይቀልጣል!

«ይቀልጣል!» ብላ ጮኸች። «ሁላችሁም ተቆጡ! ተኮራረፉ! እናንተ ደጅ ስትዘጉና መፍቻ ስትነጣጠቁ ይሄ ይበላሻል!»

ሂቦ ሳጥኑን አየችው። ውሃው በሩቂያ እግር ሥር ትንሽ ኩሬ ሠርቷል።

«ምንድን ነው የያዝሽው?»

«ሽሪምፕ ነው።»

«ለሽሪምፕ ነው እንዲህ የምትጮኺው?»

«ለአባቴ ነው!» አለች ሩቂያ። «እናቴ ከሞተች ሦስት ሳምንቷ ነው። አባቴ ከዚያ ወዲህ ምግብ አልበላም። ልብሱ ሰፍቶታል። ዛሬ ይሄን ብትጠብሺልኝ እበላ ነበር አለኝ። ዛሬ! ነገ እንዲህ ይበል አይበል ምን አውቃለሁ?»

 ሂቦም ተቆጣች፤ የባሰ ተቆጣች።

«እና ይሄን ለማን ተናገርሽ? መጥበሻሽን ለያዘችው ሴት ነገርሻት?»

«አልነገርኳቸውም።»

«ለቧንቧ ሠሪው? ለባለባጃጁ?»

«አልነገርኩም።»

«ከተማውን ሙሉ ስለ መጥበሻ ስትጮኺበት፣ ስለ አባትሽ አንዲት ቃል አልወጣሽም? እኔስ ምን ብዬ ልወቅ? ግመሌን አስነሺ ብቻ! ሰው እንዲህ ይለመናል?»

 ይህን እያለች ሂቦ ተነሥታ ነበር። ወደ ግመሏ ሄዳ በሱማልኛ አንዲት አጭር ቃል ጣል አደረገችላት። ግመሏ በኋላ እግሯ ተነሣች፣ በፊት እግሯ ተነሣች፣ ደጁንም ለቀቀች።

ላቀው ድንጋዩ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። አቀርቅሮ፣ «ሂቦ፣ የጠዋቱን... አጥፍቻለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ» አለ።

«እሱን ኋላ ትለኛለህ! አሁን ግባና በይድ!»

ሂቦ ግመሏን አስነሣች፤ ግመሏ ደጁን ለቀቀች፤ ላቀው ገብቶ ማሽኑን አስነሣ፤ ቶፊቅ ተጠርቶ ባጃጁን ገፍቶ አመጣና መፍቻውን ነቀለ፤ ላቀው ፔዳሉን በየደ፤ ቶፊቅ መፍቻውን ይዞ ሩቂያን ከነሳጥኗ፣ በአዲሱ ፍሬን፣ እየበረረ ወሰዳት፤ ኢድሪስ ጫቱን ጥሎ ዘሎ ተሳፈረ፤ ቧንቧውንም ሁለት ጊዜ አዙሮ አጠበቀ። ሁለት ጊዜ ብቻ! እትዬ ስህን ነገሩን ሲሰሙ ደረታቸውን መቱ። «የነስሩን እራት ነው እንዴ ይዤ የኖርኩት? ምነው ልጄ፣ ምነው ሳትነግሪኝ?» እያሉ መጥበሻውን በሎሚና በአመድ ፈትገው፣ አድርቀው፣ ራሳቸው ተሸክመው መጡ።

ሳጥኑ ሲከፈት ከበረዶው የቀረው የጣት ያህል ነበር። ሽሪምፑ ግን ገና ቀዝቃዛ ነው።

ሩቂያ ምድጃውን ለኮሰች፣ ዘይቱን አፈሰሰች።  ካሮቱን፣ ዝኩኒውን፣ ቃሪያውን፣ ሽሪምፑን ሁሉንም በአንድ ሰሃን ሰብስባ መጥበሻው ላይ ልትገለብጥ ስትል፣ ከኋላዋ ድምፅ መጣ።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

ጋሽ ነስሩ ናቸው። የወጥ ቤቱን ደፍ ተደግፈው ቆመዋል።

«ልጠብስ ነው፣ አባ።»

«ይሄ መጥበስ ነው? ሁሉን ባንድ ላይ? ውሃ ያወጣና ይቀቀላል! ዘይቱ መች ጋለ? ሽሪምፑን ማን አደረቀው? ልቀቂ!»

መጥበሻውን ከእጇ ነጠቁ። ዘይቱን አጋሉ፣ ነጭ ሽንኩርቱን ጣሉ፣ ካሮቱን አስቀደሙ፣ ዝኩኒና ቃሪያውን አስከተሉ፣ ለሦስት ደቂቃ አገላበጡና ወደ ሰሃን አወጡ። ሽሪምፑን በንጹሕ ጨርቅ አድርቀው፣ አንዱ በሌላው ላይ ሳይደራረብ፣ ጎን ለጎን ደረደሩት። ቸስ አለ። አንድ ደቂቃ በዚህ፣ አንድ ደቂቃ በዚያ። ቀላ፣ ተጠቀለለ። አትክልቱን መለሱበት፣ ጨው ነሰነሱ፣ ሎሚ ጨመቁ፣ እሳቱን አጠፉ። አሥር ደቂቃ አልሞላም።

በዚህ ሁሉ መሃል አፋቸው አላረፈም። «ካሮቱን ማነው እንዲህ የከተፈው? ለማገዶ ነው? ቃሪያውስ? ባቡር ላይ እንዲህ የከተፈ ሰው ቀጣዩ ጣቢያ ላይ ነበር የሚወርደው!»

ሩቂያ ግድግዳውን ተደግፋ ትሰማለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሻይ በስተቀር ምንም ያልጠየቀው ድምፅ እየጮኸባት ነው። በደጅ በኩል እትዬ ስህን፣ ኢድሪስና ቶፊቅ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ።

«እናንተስ ምን ትገተራላችሁ? ዳቦ አምጡ!» አሉ ጋሽ ነስሩ።

ቶፊቅ ሮጦ ዳቦ አመጣ። ጋሽ ነስሩ ተቀመጡ። አንዱን ሽሪምፕ አንሥተው ጎረሱ፤ አኘኩ፤ ዋጡ።  ሁለተኛውን አነሡ። ከዚያ ካሮት። ከዚያ ዳቦ ቆርሰው መረቁን ጠረጉበት። ሰሃኑ ባዶ ሲሆን ወደ ልጃቸው ገፉት፤ ሩቂያ የለመደችው መግፋት መስሏት ሰሃኑን ልታነሣ ብድግ አለች።

«ጨምሪልኝ እንጂ» አሉ በቁጣ። «ነገ ደግሞ ካሮቱን የምከትፈው እኔ ነኝ።»