በኖራ የተቀቡ ድንጋዮች

አንድ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበረ።

ጡረታ የወጡት የታሪክ መምህር ጋሼ ልሳነወርቅ እንዲህ ብለው የጀመሩት በረጅሙ ተንፍሰው ነው። ፊት ለፊታቸው የተቀመጠው የቀድሞ ተማሪያቸው፣ የዛሬው የዩኒቨርሲቲ መምህር ይትባረክ፣ አንድ መጠይቅ ይዞ መጥቷል። ከጥያቄዎቹ አንዱ በምርምር ሥራህ ነፃነት አለህ ወይ ይላል። ይትባረክ «ሙሉ በሙሉ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጓል፤ ልቡ ግን አላረፈም። ይህን አትጻፍ ያለኝ ሰው የለም፣ ርዕሴን የቀየርኩትም በራሴ ፈቃድ ነው፣ ያልተከለከለ ሰው ነፃ አይደለም እንዴ ሲል ጠየቃቸው። ጋሼ ልሳነወርቅ ይህንኑ ከስንት መምህር አፍ እንደሰሙት ቁጥሩ ጠፍቶባቸዋል። ስለዚህ ስለ ቆፋሪው ማውራታቸውን ቀጠሉ።

ሰውየው በሙያው የተመሰገነ ነበር። የሚኖርባት ከተማ ግን ውሃ የላትም። ያለችው አንዲት ምንጭ በየዓመቱ እየቀጠነች ሄዳለች። ሴቶቹ ግማሽ ቀን ተጉዘው ከወንዝ ይቀዳሉ። ምንጯ ከደረቀች ከተማዋ እንደምትፈታ ሁሉም ያውቃል። የሰው ሁሉ ዓይን ያረፈው ቆፋሪው ላይ ነው።

ቆፋሪው ደግሞ ውሃው የት እንዳለ ያውቅ ነበር። የሚያናድደው ይህ ነው። ማለዳ ጤዛ የሚከብድበትን፣ በጋ ሲገባ ሣሩ ዘግይቶ የሚደርቅበትን ቦታ ለይቶታል። ከገዢው ቤት በታች ያለው ሜዳ ነው፤ መሃሉ ላይ አንድ ትልቅ ሾላ ቆሟል። ሜዳው አጥር የለውም። ከብት ይውልበታል፣ ሰው ያቋርጠዋል። እዚያ አትቆፍር ያለም የለም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በአንድ ስብሰባ ላይ፣ ገዢው ያንን ሜዳ በመስኮት ሳየው ደስ ይለኛል ብለው ነበር። ይህንንም ያሉት ስለ ሌላ ነገር እያወሩ ነው።

ቆፋሪው ሰማ። ቤቱ ገብቶ አሰበበት። ገዢው ቢከፋቸውስ? ዶማዬን ቢነጥቁኝስ? ፍርሃቱ ከመሬት የተነሳ አልነበረም፤ በሌላ ከተማ ዶማውን ተነጥቆ የቀረ ሰው ያውቃል። ስለዚህ ከሾላው ሁለት መቶ እርምጃ ርቆ ቆፈረ። ደረቅ። ወደ ግራ ዞሮ ቆፈረ። ደረቅ።

በዚያ አገር አንድ ልማድ ነበር። ውሃ ያልወጣበት ጉድጓድ ተመልሶ ይደፈናል፤ የተደፈነው አፈር እስኪጠና ድረስ ከብት እንዳይሰምጥበት በኖራ የተቀባ ድንጋይ ይቀመጥበታል። ቆፋሪው ጠንቃቃ ስለነበር የድሮዎቹንም ሳይቀር በየዓመቱ መልሶ ይቀባቸዋል። በሰባት ዓመት ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ነጭ ድንጋይ አስቀመጠ።

ሲጠይቁት መልስ አያጣም። አንዴ ዓለቱ ነው ይላል፣ አንዴ ወቅቱ፣ አንዴ ደግሞ ሥራው ራሱ እንዲህ ያለ ነው ይላል። ከልክለውህ ነው ወይ ሲሉት ግን ይቆጣል። እኔን ማንም ከልክሎኝ አያውቅም፣ የምቆፍርበትን የምመርጠው ራሴ ነኝ ይላቸዋል።

ጋሼ ልሳነወርቅ እዚህ ላይ ጠረጴዛውን በጣታቸው መቱ። ውሸት አልነበረም፣ አሉ። የከፋውም ውሸት ስላልነበረ ነው።

ከዚያ ከጎረቤት ከተማ ሌሎች ቆፋሪዎች መጡ። ነጮቹን ድንጋዮች አዩና ከነሱ ውጭ ውጭውን ቆፈሩ። ለምን ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

በከተማዋ አንዲት ጠላ ጠማቂ ነበረች። ጋኖቿ ባዷቸውን ከተደረደሩ ወር አልፏል። ልጆቿን ይዛ ለመሰደድ ዕቃዋን ማሰር ጀምራለች። ቆፋሪው ሃያኛውን ጉድጓድ ደፍኖ ድንጋዩን ኖራ ሲቀባ መጥታ አጠገቡ ቆመች።

«አንተ ሰውዬ፣ አገሩን ወንፊት አደረግኸው እኮ» አለችው። «ትንሽ ከጨመርክበት ዱቄት እንነፋበታለን።»

ቆፋሪው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«ሾላው ሥር ቆፍረህ አይተሃል?»

«እዚያ ውሃ ያለ አይመስለኝም።»

«ቆፍረህ አይተሃል ወይ ነው ያልኩህ።»

«ማንም አልከለከለኝም» አላት።

«መከልከልህን ማን ጠየቀህ?»

እጅጌውን ይዛ ከከተማው በላይ ወዳለው ጉብታ አወጣችው። ቆፋሪው ድንጋዮቹን ሁሉ በአንድ ላይ ሲያያቸው ይህ የመጀመሪያው ነበር። አንዱን ባስቀመጠ ጊዜ ሌላውን አያስበውም። አሁን ከላይ ሆኖ ሲያይ ሃያዎቹ ድንጋዮች ሾላውን መሃል አድርገው ሜዳውን ዙሪያውን ከበውታል። አንድም ከመስመሩ የወጣ የለም። ገመድ ወጥሮ ያስቀመጣቸው ይመስላል።

«ጎበዝ» አለችው። «የቀረህ ግንቡ ብቻ ነው።»

ቆፋሪው ያን ቀን እህል አልቀመሰም። በማግስቱ ጤዛው ሳይረግፍ ዶማውን አንሥቶ ወረደ። ሜዳው ዳር ሲደርስ ግን ሰዎች ቀድመውታል። ነጮቹን ድንጋዮች ተከትለው የአጥር ግንድ ይተክላሉ።

ምን እየሠራችሁ ነው ሲል ጠየቀ። አለቃቸው በትሕትና አስረዳው። ገዢው ሜዳውን የማጠር ሐሳብ አልነበራቸውም። የዚያን ሰሞን ግን በመስኮት ሲመለከቱ ቆፋሪ ሁሉ ዳር ዳሩን ሲሄድ አዩ። ሰው እንዲህ የሚፈራው የእኔ ቢሆን ነው አሉና አጥር አዘዙ።

«ድንበሩ የት ጋ እንደሆነ እሳቸውም አያውቁትም ነበር» አለው አለቃው። «ነጩን ድንጋይ ተከተሉ አሉን። እግዜር ይስጥህ፣ ሥራችንን አቀለልክልን። የተቸገርነው በሩ ላይ ብቻ ነው። ሾላው ሥር ልናቆመው ብለን ገና ክንድ ሳንቆፍር አፈሩ ረጠበ። ግንዱ አልይዝ አለን።»

ቆፋሪው ወደ ሾላው አንድ እርምጃ ተራመደ። አለቃው ደረቱ ላይ እጁን አደረገ። ይቅርታ፣ ከዚህ ማለፍ ክልክል ነው አለው።

ጠላ ጠማቂዋ በዚያው ሳምንት ከተማዋን ለቃ ሄደች።

ጋሼ ልሳነወርቅ ወንበራቸውን ወደ ይትባረክ አዞሩ።

«ያ ቆፋሪ አንተ ነህ» አሉት። «ሦስት ጽሑፍ አሳትመሃል። አንዱ ስለ ማር ንግድ፣ አንዱ ስለ ድሮ የገበያ መንገድ፣ አንዱ ስለ ጎጆ አሠራር። አንብቤያቸዋለሁ፣ ጥሩ ናቸው። ሦስቱንም ሳነብ ግን መሃላቸው ላይ ባዶ ቦታ አየሁ። ከመሬታቸው የተነሡትን ገበሬዎች ያነጋገርክበት ደብተር ሁለት ዓመት መሳቢያህ ውስጥ ተቀምጧል። አትጻፈው ያለህ የለም። ጻፍ ብትባልም አትጽፈውም። ይህን ነው ነፃነት ብለህ ምልክት ያደረግክበት።»

ይትባረክ መጠይቁን አጥፎ ያዘ። እርስዎስ ጋሼ፣ እርስዎ ጽፈው ነበር ወይ አላቸው፤ ድምፁ ውስጥ ቁጣ ነበረ።

«አልጻፍኩም» አሉ። «ሠላሳ ዓመት ስቀባ ነው የኖርኩት። አንተ ክፍሌ ገብተህ ስትማር ድንጋዮቼን አየህ፣ ከነሱ ወዲህ ቆምክ፣ ለምን ብለህ አልጠየቅኸኝም። እኔም አልነገርኩህም። አሁን የምቆጣው በአንተ ብቻ እንዳይመስልህ።»

መነጽራቸውን አውልቀው በመሐረባቸው ጠረጉት።

«አትፍራ አላልኩህም። ዶማህን ሊነጥቁህ ይችላሉ፤ የተነጠቁ አውቃለሁ። ግን ሂድና ሾላው ሥር ቆፍር። ከዚያ በኋላ ይህ ወረቀት ሲመጣልህ የምትሞላው እውነት ይኖርሃል፤ የከለከለህም ሰው በስሙ ይታወቃል። እስከ ዛሬ ድረስ የከለከለህ ሰው ስሙ ይትባረክ ነው።»