ድንጋዩን አውርዶ ጣቱን የሰበሰበው ገበሬ

«አንድ ገበሬ ነበረ…» አሉ ጋሽ ሽብሩ፣ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩ። «ግባ፣ ግባ! ክራንችህን ጎማው ላይ አስደግፍና ስማኝ።»

መርዕድ ተቀመጠ። ጥያቄውን የወረወረው ገና በሩ ላይ ቆሞ ነው፦ «ጋሼ፣ ሰው ይቅር ብሎ ሲያበቃ ካሳ ቢጠይቅ ነውር አይሆንም?»

መናኸሪያ ውስጥ ኩንታል በትከሻው እያመላለሰ ሚስትና ሁለት ልጆች የሚያኖር ሰው ነው። ከወር በፊት አንድ ሚኒባስ ወደ ኋላ ሲመጣ ቀኝ እግሩን ከግንብ ጋር አጣብቆ ሰበረው። ሹፌሩ ክፉ አይደለም፤ አዝሎ ሐኪም ቤት ያደረሰውም፣ አጠገቡ ተቀምጦ ያለቀሰውም እሱ ነው። ዛሬ ከሰዓት ደግሞ ሽማግሌዎች ሹፌሩን ለእርቅ አስከትለው፣ የመኪናው ባለቤት ያስጻፈውን ‹ካሳ አልጠይቅም› የሚል ወረቀት ይዘው ሊመጡ ነው። ከፈረመ ቤቱ ባዶ፣ ካልፈረመ ስሙ ክፉ።

ጋሽ ሽብሩ ጎሚስታ ናቸው፤ ሰፈሩ ግን ከጎማ ይልቅ ጠብ ነው የሚያመጣላቸው። የጎማውን ላስቲክ ውሃ ውስጥ እያገላበጡ፣ አረፋ እየፈለጉ ቀጠሉ።

«ያን ገበሬ ከገበያ ሲመለስ የጭነት መኪና ገጨው። ዳሌው ተሰበረ። ሹፌሩ አልሸሸም። በሳምንቱ፣ እንደ አገሩ ወግ፣ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ ሽማግሌ አስቀድሞ መጣ። ገበሬው ወደ አልጋው ጠራውና ድንጋዩን በገዛ እጁ አወረደለት። አቅፎ ሳመው። ተመረቀ፣ አሜን ተባለ። ሁሉም አለቀ ሲባል አንዱ ሽማግሌ ከካፖርታቸው ኪስ ወረቀትና የጣት ቀለም አወጡ። የላከው የመኪናው ጌታ ነው። ‹ምንም አይደል፣ እርቁን ማጽኛ ነው። አውራ ጣትህን ወዲህ በል› አሉት።

«ገበሬው ‹አንብቡልኝ› አለ። ተነበበ፦ ‹ከእንግዲህ ስለ አደጋው ምንም ዓይነት የካሳ ጥያቄ አላነሳም።› ይኼኔ ገበሬው ጣቱን ጋቢው ውስጥ ሰበሰበ።»

«ሰበሰበ?»

«ሰበሰበ! ሽማግሌው ተቆጡ። ‹አሁን ታርቀህ አሁን ታፈርሳለህ? ድንጋዩን መልሰህ ልትጭንበት ነው?› አሉት። ቤቱ ሙሉ ሰው ዐይኑን ጣለበት። ሚስቱ እንኳ አፈረች። ገበሬው ምን አለ መሰለህ? ‹አባቶቼ፣ ድንጋዩ ከልጁ ጫንቃ ወርዷል። መልሼ አልጭነውም። የእኔ ዳሌ ግን ገና አልዳነም፤ ሐኪሙም ትራመዳለህ ወይ አትራመድም አላለኝም። ዘንድሮ ማን እንደሚያርስልኝ ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ከሆነ እሱን አንብቡልኝ፣ አሁኑኑ ጣቴን አኖራለሁ።›»

«ከዚያስ፣ ጋሼ?»

«የመለሰለት ያ ሹፌር ነው፤ የድንጋዩ አፈር ገና ከአንገቱ አልተራገፈም። ‹እውነቱን ነው› አለ። ‹መኪናው መድን አለው፤ የተገባውም እንዲህ ላለው ቀን ተብሎ ነው። እኔ ከሱ የፈለግኩት ይቅርታውን ነበር፤ አገኘሁ።› ወረቀቱን ከሽማግሌው እጅ ተቀብሎ አጠፈው። ካሳው በሕጉ መንገድ ሄደ። ገበሬውና ሹፌሩ ዛሬም በዓል ሲመጣ ይጠራራሉ።»

መርዕድ መሬት መሬቱን አየ። «የኔ ሹፌር እንዲያ ባይልስ? ‹መርዕድ በእግሩ ነገደ› ቢሉኝስ?»

«ይበሉሃ! የሚሉህ እኮ በሁለት እግራቸው ቆመው ነው።»

መርዕድ ሳይወድ ሳቀ። ጋሽ ሽብሩ ላስቲኩን ውሃው ላይ ለቀቁት፤ ገና አሁን ቀና ብለው አዩት።

«ስማ ልጄ፤ ያ ገበሬ አንተ ነህ። ሹፌሩ ሲመጣ እቀፈው፣ ከልብህ ማረው። ሽማግሌዎቹን አክብረህ አስቀምጥ። ወረቀቱን ሲያወጡ ግን ‹ሐኪሜ ይጨርስ፣ ሕግ የሚያውቅ ሰው ያንብብልኝ› በላቸው፤ ይኼ ቂም አይባልም። ይቅርታው የብቻህ ነው፣ እንደ ልብህ ስጠው። በዚያ እግር የምትኖሩት ግን አራት ናችሁ። ሦስቱን ሳትጠይቅ፣ በማን እግር ላይ ነው የምትፈርመው?»