የዶሮ እግር ማኅተም

እናንተ ሬዲዮና ስልካችሁን ታቅፋችሁ የተሰለፋችሁ፣ እስኪ ጆሯችሁን አውሱኝ። አጭር ናት፤ የብየዳ ካውያዬ እስኪግል ታልቃለች። ካላለቀች ካውያው ተበላሽቷል ማለት ነው፣ እሱንም እጠግናለሁ።

ይቺ ውብዳር ናት፤ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት። ኮምፒውተሯን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው ከማለት ወረወረችው ማለት ይቀላል። ጽሑፍ የሚያሳምር ፕሮግራም ከኢንተርኔት አወረደች፤ ሌላ መዓት አብሮት ገባ። አሁን ማሽኑ ማስታወቂያ ይዘረግፍባታል፣ ያላዘዘችውን ገጽ ይከፍትባታል፣ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ እሱ ያንቀላፋል። እና ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ጋሼ፣ ስጭነው ፊርማ አለው ብሎኛል እኮ! የተፈረመበት ነገር እንዴት ጉድ ይሠራኛል?»

አንድ ሰው ነበረ። ገበሬ ነው፤ የቆላ ሰው፣ ማሽላ የሚዘራ።

በዚያ አገር የዘር ከረጢት አፉ ይሰፋና ቋጠሮው ላይ ሰም ይንጠባጠብበታል። ሰሙ ሳይደርቅ ዘሩን የመረጠው ሰው ምልክቱን ይጫንበታል። የአንዱ ማጭድ ነው፣ የሌላው ጨረቃ። በደግ ዘር የታወቁት አዛውንት ምልክት ደግሞ የማሽላ ራስ ነው። ታዲያ ገዢ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ከረጢቱን ወደ ፀሐይ ያዞርና የምልክቱን ባለቤት በስሙ ይጠራል። «ይሄ የእገሌ ነው» ይላል። ልማዱ ይሄ ነው። ያመጡትም ሥራ የፈቱ ሰዎች እንዳይመስሏችሁ፤ አቀንጭራ ያቃጠላቸው ናቸው።

አቀንጭራን የማታውቁ የከተማ ልጆች አላችሁ መሰለኝ። አረም ናት። ዘሯ እንደ አቧራ የደቀቀ ነው፤ ማሽላው መሀል ብትደባለቅ ዓይን አይለያትም። ከተዘራች ከመሬት በታች የማሽላውን ሥር ይዛ ትመጠዋለች። አንተ ማሽላዬ ውሃ ጠማው ትላለህ፤ እሷ እየጠጣችለት ነው። ብቅ ስትል አበባዋ ያምራል፣ መዓቷ! አንዴ መሬትህ ከገባች ደግሞ ልጅህም ሲነቅላት ይኖራል።

ያን ዓመት የሰውየውን ዘር ነቀዝ ጨረሰበት። ደመናው ከብዷል፣ ጎረቤቶቹ እየዘሩ ነው። ገበያ ወጣ። አዛውንቱ ዘንድ ሰው እንደ ንብ ተኮልኩሏል። ከወዲያ አንድ ነጋዴ ብቻውን ከረጢቶቹን ደርድሮ ቁጭ ብሏል።

«ና እንጂ ወንድሜ፣ እዚያ ምን ይገትርሃል? ያው ማሽላ፣ ያው ሰም!»

«የታሸገ ነው?»

«አታይም እንዴ! ላንተማ ይቺን እንቅብ ሙሉ ምራቂ እጨምርልሃለሁ።»

ሰውየው ከቆመበት ሰሙን አየ። ሰም አለ። ሦስት ጣት የመሰለ ነገር ተጭኖበታል። የማሽላ ራስ ነው መሰለኝ አለ በልቡ። ቀና ብሎ ደመናውን አየና ከረጢቱን ተሸከመ። ወደ ፀሐይ አላዞረውም። የማንንም ስም አልጠራም። ምራቂው ደስ ብሎት እያፏጨ ወረደ።

ዘራ። ዝናቡም ጣለ። የጎረቤቶቹ ማሽላ ወገብ ሲደርስ የሱ ጉልበቱ ላይ ቆመ። ቅጠሉ ገረጣ። ኮተኮተው፣ ፍግ ጨመረለት፣ ለመነው፤ እምቢ። አንድ ጠዋት ማሳው ላይ ሐምራዊ አበባ ተነጥፎ አገኘ። ያኔ ደሙ ፈላ። ለካ ትልቁ ምራቂ ከረጢቱ ውስጥ ነበረ!

ሮጦ ቤቱ ገባ። ያን ሰም ሚስቱ እንዳለ የሚያፈስ ቅል ደፍናበታለች። መንጭቆ አወጣው፤ ውሃው ምድጃውን አጠፋው። ሚስቱ እየጮኸች ተከተለችው፤ እሱ ግን ገበያ ወጥቶ ነጋዴውን በነጠላው ጫፍ እየጎተተ ዋርካው ሥር ሽማግሌዎች ፊት አቆመው።

«ፍረዱኝ! አሽጎ ነው የሸጠልኝ! ማስረጃዬ ይኸው፣ ማኅተሙ!»

አንደኛው ሽማግሌ «እስኪ በስሙ ጥራው» አሉት።

ሰውየው ሰሙን ወደ ፀሐይ አዞረው። የመጀመሪያው ነው። ማሽላም አይደለም፣ ራስም አይደለም። የዶሮ እግር ነው።

ነጋዴው ነጠላውን አስተካከለ። «አባቶቼ፣ የሰው ምልክት ሰረቅሁ? አልሰረቅሁም። የገዛ ዶሮዬ እግር ናት። ሰሙን ሰብሬ አቧራ ጨመርኩበት? አልጨመርኩም። የኔን አየ፣ የኔን ወሰደ።»

«ዝም በል አንተ!» ሽማግሌው መሬቱን በዘንግ መቱት። «የራስህን ስም መጫንህ ጻድቅ ያደርግሃል? የዶሮ እግር በገባበት ማሳ ሁሉ አቀንጭራ አለ! ሰው ሲጮህብህ ከርሟል፤ አንተ አሁንም ሰም ታቀልጣለህ! ከረጢትህን ሰብስብ፣ ከገበያችን ውጣ!» ከዚያ ወደ ገበሬው ዞሩ። «አንተስ? ሰሙ መቼ ዘሩ ደግ ነው አለህ? ማን እንዳሸገውና ከታሸገ በኋላ ማንም እንዳልነካው ነው የነገረህ። እየጮኸ ነገረህ፤ አንተ እያፏጨህ አለፍክ!»

ነጋዴው ተባረረ። ማሳው ግን አልዳነም። ሰውየው አበባው ዘር ሳይጥል ብሎ አቀንጭራውን ከነማሽላው ነቀለ፤ ያን ዓመት ቤተሰቡ ከሚስቱ ወንድሞች ጎተራ በላ። የሚስት ወንድም እህል ስንት ቃል እንዳለበት ያገባችሁ ታውቃላችሁ።

እና ውብዳር እህቴ፣ ከረጢቱ ያወረድሽው ፋይል ነው። ሰሙ ያ ዲጂታል ፊርማ የሚሉት ነው። አቀንጭራዋ ይቺ ማሽንሽን የምትመጠው ናት። «ፊርማ አለው» አልሽኝ። የማን? ከመጫንሽ በፊት ፋይሉ ላይ የማውዙን ቀኝ ተጫኚ፣ ስለ ፋይሉ የሚናገረውን መስኮት ክፈቺ፣ ፊርማ የሚለው ጋ ግቢና የፈራሚውን ስም ጮክ ብለሽ አንብቢ። ደንበኛ ቢስቅ ይሳቅ! ፕሮግራሙን የሠሩት ሰዎች ስም ነው? ወይስ የዶሮ እግር? ስሙን ካላወቅሽው ጠይቂ፤ ይሄ ስም ከዚህ በፊት ማን ቤት ምን ሠራ ብለሽ። ፊርማው አይሠራም ካለ ሰሙ ተሰብሯል፣ አትንኪው። ጭራሽ ከሌለውማ አፉ የተከፈተ ከረጢት ነው፤ ለምን ትሸከሚዋለሽ?

እኔንማ የሚያበግነኝ ሌባው አይደለም፤ ሌባ አፍሮ ይደበቃል። የሚያበግነኝ ስሙን ፈርሞ፣ ምራቂ ጨምሮ፣ ፊት ለፊት ቤትሽ ገብቶ ሥርሽን የሚመጠው ነው! ልጠይቀው ብትይ ደግሞ «ፈርሜ የለም ወይ?» ይልሻል።

ኧረ ካውያው ግሏል። በሉ ያቺ የገበሬው ሚስት ያለችውን ነግሬያችሁ ልዝጋ። ከዋርካው ሲመለሱ ባልየው መንገዱን ሙሉ «ሰም ነበረው እኮ፣ ሰም ነበረው እኮ» እያለ አደረቃት። እሷ ባዶውን ቅል እንደያዘች ቆመችና እንዲህ አለችው፦

«ዓይነ ርግብ ያጠለቀች ሁሉ ያንተ ሙሽራ ናት እንዴ? ገልጠህ እያት እንጂ፣ አንተ ደንባራ!»